ከእናታችን ጋር ማን ይመጣል?

በማኅበራችን የግንቦት 2024 ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብና ሰነድ ክፍል የቀረበ ንግግር



ዛሬ እንድንናገር የታዘዝነው ቤተሰብ ስለ ማምጣት ነው። እኛ በማኅበሩ የሂሳብና የሰነድ ክፍል የምናገለግል ሴቶች ነን፤ ጠበቆች አይደለንም። ሙያችን ሂሳብ ነው። ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለታክስ ጉዳይ ተቀምጠን ከሚመጣልን ጥያቄ ብዙው ዞሮ ዞሮ ቤተሰብ ላይ ያርፋል። «እናቴን ላመጣ ነው፤ ገቢዬ ይበቃል?» ብላ የጀመረች እህት፣ ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ «ታናሽ ወንድሜስ አብሯት ይመጣል አይደል?» ትላለች።

የዚህ ጥያቄ መልስ «አይመጣም» ነው። ቃሉን ፊት ለፊት መናገር ስለሚከብድ ብዙ ሰው አድበስብሶ ያልፈዋል። እኛም አንድ ጊዜ አልፈነዋል። ንግግራችንን ከዚያ ጥፋታችን እንጀምር።

በ2021 አንዲት እህታችን ዜግነቷን ባገኘች በሳምንቱ ለእናቷ አመለከተች። እናቷ ደሴ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የመጨረሻ ልጃቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ልጁ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ማመልከቻው፣ አይ 130 የሚባለው ፎርም፣ የሚመጣውን ሰው ልጆች ስም ይጠይቃል። እህታችን የወንድሟን ስም ጻፈች። ስሙ ተጽፎ ስታየው «ገብቷል» አለች። እኛም የታክስ ወረቀቷን ልናስተካክልላት ስንቀመጥ ስሙን አይተናል። ሥራችን ስላልነበረ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እኛም እንደ እሷ ስላሰብን፣ ዝም አልን።

ነገሩ የታወቀው የቪዛው ክፍያ ሲጠየቅ ነው። ክፍያው 325 ዶላር ይል ነበር። ሂሳብ ሠራተኛ ቁጥር ሲጎድል ይታወቃታል፤ ለሁለት ሰው መሆን የነበረበት 650 ነው። «ለልጁስ የታለ?» ብለን ጠየቅን። ለልጁ የሚከፈል አልነበረም፤ ምክንያቱም የልጁ ጉዳይ የሚባል ነገር አልነበረም። ደሴ ላይ ግን ልጁ ለትምህርት ቤት ጓደኞቹ ተናግሮ፣ ኳሱንም ለአንዱ ሰጥቶ ጨርሶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ማን ይመጣል?» ለሚለው ጥያቄ በሚገባ ተዘጋጅተን ለመመለስ ወስነናል። ዛሬ የምንነግራችሁ ያን ነው።

ሁለት ዓይነት ቤተሰብ

እኛ ዘንድ ቤተሰብ ስንል አያትን፣ አክስትን፣ አጎትን፣ የአጎት ልጅን፣ ያሳደግነውንና ያሳደገንን ሁሉ ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይባላል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ቤተሰብ የሚለው ግን ከዚህ በጣም ጠባብ ነው። መስፈሪያው ፍቅር አይደለም፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የአመልካቿ የመኖሪያ ሁኔታ ነው። ሁለቱን ቤተሰቦች ስናምታታ ነው ልጆች የሚጎዱት።

ዜጋ የሆነች ሴት ባሏን፣ ያላገባና ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ልጇን፣ እሷ ራሷ ሃያ አንድ ዓመት ከሞላት ደግሞ እናትና አባቷን ያለ ወረፋ ማምጣት ትችላለች። ሕጉ «የቅርብ ዘመድ» የሚላቸው እነዚህን ብቻ ነው። ቁጥራቸው በዓመት አይገደብም።

ከዚህ ውጭ ለዜጋ የተፈቀዱት በወረፋ ነው፤ ያላገቡ ሃያ አንድ ዓመት የሞላቸው ልጆች፣ ያገቡ ልጆች፣ ወንድሞችና እህቶች። በአባት ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህትም ይቆጠራሉ።

ግሪን ካርድ ብቻ ያላት ሴት የምታመጣው ባሏንና ያላገቡ ልጆቿን ነው፤ ሃያ አንድ የሞላቸውም ያልሞላቸውም ይሆናሉ፣ ወረፋቸው ግን ይለያያል። እናቷን አታመጣም፤ ወንድሟን አታመጣም፤ ያገባ ልጇን አታመጣም። «ግሪን ካርዴ ይዤ ለእናቴ ላመልክት» ለምትሉ መልሱ መጀመሪያ ዜግነቱ ነው።

አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ የወንድም ልጅ፣ የእህት ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ አማትና ምራት በዜጋም በግሪን ካርድም በቀጥታ የሚመጡበት መንገድ የለም። ይህን ስንናገር ሁልጊዜ አንድ ሰው «የእገሌ ልጅ የእህቷን ልጅ አምጥታ የለም እንዴ?» ይላል። የእህቷ ልጅ የመጣችው ከእናቷ ጋር ነው። ወደዚያ እንሂድ።

አብሮ የሚመጣና የማይመጣ

በወረፋ የሚመጣ ሰው ሚስቱን ወይም ባሏን፣ ያላገቡና ሃያ አንድ ያልሞላቸውን ልጆች ይዞ መምጣት ይችላል። ለእህታችሁ ብታመለክቱ ባሏና ልጆቿ በእሷ ማመልከቻ ውስጥ አሉ። ያለ ወረፋ የሚመጣ «የቅርብ ዘመድ» ግን ማንንም ይዞ አይመጣም። ለእናት የቀረበ ማመልከቻ የእናት ብቻ ነው። አባት ካሉ ለብቻቸው ሌላ አይ 130 ያስፈልጋቸዋል። የእናት ትንሽ ልጅ ደግሞ ለእናንተ ወንድም ነው፤ የወንድም ወረፋ ውስጥ እንጂ በእናቱ ማመልከቻ ውስጥ አይገባም።

ነገሩ ግራ ያጋባል። ሕጉ ለቅርቡ ሰው መንገዱን ሲያሳጥርለት ጓዙን ቀንሶበታል፤ ለሩቁ ሰው ጓዙን ሲፈቅድለት መንገዱን አርዝሞበታል።

መንገዱ ምን ያህል እንደሚረዝም በግንቦት 2024 የቪዛ ማስታወቂያ ላይ ያየነውን እንንገራችሁ። በወንድምና እህት ወረፋ ያኔ የሚጠሩት በ2007 የተመለከተላቸው ነበሩ። በዜጋ ያገቡ ልጆች ወረፋ በ2010 የተመለከተላቸው፣ በዜጋ ያላገቡ ትልልቅ ልጆች ወረፋ በ2015፣ በግሪን ካርድ ባለቤት ያላገቡ ትልልቅ ልጆች ወረፋ በ2016 የተመለከተላቸው ነበሩ። ለግሪን ካርድ ባለቤት ባልና ትንንሽ ልጆች በ2021 የተመለከተላቸው ነበሩ። ምክንያቱም ቁጥር ነው። በወረፋ ለሚመጣ ቤተሰብ በዓመት የተመደበው ከ226,000 ብዙ አይርቅም። ከዚህ ለወንድምና እህት የደረሰው 65,000 ነው፤ ያውም የወንድም ሚስትና ልጆች ተቆጥረውበት።

ይህን ስንሰማ «ታዲያ ለወንድም ማመልከት ምን ይረባል?» እንላለን። እኛ የምንለው፣ አቅም ካለ አመልክቱ፤ ነገር ግን ልጅ ትምህርቱን፣ ወጣት ሥራውንና ትዳሩን በዚህ ወረፋ ላይ አይሰቅል። «ተመልክቶልሃል» ማለትና «ትመጣለህ» ማለት አንድ አይደለም።

ዜግነት ራሱ የሚያመጣው ጣጣም አለ። ግሪን ካርድ ያላት ሴት ለባሏ ስታመለክት ትንንሽ ልጆች በባልየው ማመልከቻ ውስጥ ሊካተቱ ይችላሉ፤ የወረፋ ማመልከቻ ነውና። በመሃል ዜግነት ስታገኝ ባልየው «የቅርብ ዘመድ» ይሆናል፤ ወረፋው ይቀርለታል፤ ልጆቹ ግን ከማመልከቻው ይወድቃሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል። ልጁ የባል ልጅ፣ ለእሷ የእንጀራ ልጅ ከሆነም ይቻላል፤ ጋብቻው ልጁ አሥራ ስምንት ሳይሞላው የተፈጸመ መሆን አለበት። ስለዚህ የዜግነት መሐላ ቀን ሲቆረጥላችሁ ለደስታው ዳቦ ከመጋገራችሁ በፊት የተከፈቱ ማመልከቻዎቻችሁን ይዛችሁ ኑ።

በጥገኝነት ወይም በስደተኝነት ለገባችሁ መንገዱ ሌላ ነው። ለባልና ላላገባ ከሃያ አንድ በታች ልጅ አይ 730 የሚባል ፎርም አለ፤ የሚሞላውም በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል፤ የሥራ ፈቃድ፣ ቤት፣ ሥራ ሲሉ ያልቃል።

ሃያ አንድ ዓመትና ሠርግ

በዚህ ሕግ ውስጥ ልጅን ከአንድ መስመር ወደ ሌላ የሚያሻግሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ልደትና ሠርግ።

ልጅ ሃያ አንድ ሲሞላው «ልጅ» መሆኑ ያበቃል። በ2002 የወጣ ሕግ ለዚህ የተወሰነ መድኃኒት አምጥቷል። ዜጋ የሆነች እናት ለልጇ ስታመለክት ዕድሜው የሚቆጠረው ማመልከቻው በገባበት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሃያ አንድ ቢያልፈውም አይጎዳም። በወረፋ ላሉት ደግሞ ማመልከቻው መልስ እስኪያገኝ የቆየበት ጊዜ ከዕድሜው ላይ ይቀነሳል። ስሌቱን በእጃችን ሠርተን እናሳያችኋለን። መድኃኒቱ ግን የዘገየን ሁሉ አያድንም። የሃያ ዓመት ልጅ ላላት እናት አንድ ወር ብዙ ነው።

ሠርግ ይብሳል። ግሪን ካርድ ያላት እናት ላላገባ ልጇ አመልክታ፣ እሷ ዜግነት ሳታገኝ ልጁ ቢያገባ ማመልከቻው ወዲያውኑ ይሰረዛል። ኋላ ዜጋ ብትሆንም ያ ማመልከቻ አይነሳም፤ ከመጀመሪያው እንደገና ነው። «ፊርማ አልፈረሙም፣ በሽማግሌ ብቻ ነው» የሚል መከራከሪያ ሰምተናል። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በማዘጋጃ ቤት፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመ ጋብቻን ሁሉንም ያውቃል። በሽማግሌ የተዳረች ልጅ አግብታለች። ለቆንስላው «አላገባሁም» ብትል ደግሞ ዋሽታለች።

ልጆቻችሁ እንዳይዳሩ አንመክርም። ሃያ ስምንት ዓመት የሞላትን ልጅ ለወረቀት ብሎ ከትዳር ማገድም ግፍ ነው። የምንለው፣ ልጅቷ ራሷ ዋጋውን አውቃ ትምረጥ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ እሷ ጉዳይ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት።

ያሳደግናቸው ልጆች

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን እንናገር። በመካከላችን የእህቷን ወይም የወንድሟን ልጅ እንደ ልጇ የምታሳድግ፣ ከዚህ ሆና የትምህርት ቤት የምትከፍል፣ ልጁም «እማዬ» የሚላት ብዙ ሴት አለች። አባቱ የሞተበትን ልጅ አጎቱ ወስዶ በራሱ ስም ትምህርት ቤት ማስመዝገብ እኛ ዘንድ ደግነት እንጂ ማጭበርበር አይደለም።

ሕጉ ግን ወረቀቱን ነው የሚያየው። የማደጎ ልጅ እንዲቆጠር ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው በሕግ ማደጎ መደረግ አለበት፤ አሳዳጊዋም ቢያንስ ሁለት ዓመት በሕግ አሳዳጊነትና አብራው በመኖር ማሳለፍ አለባት። እሷ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጁ ደብረ ብርሃን ሆነው በየወሩ የሚላከው ገንዘብ አብሮ መኖር አይባልም። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ልጆችን ለውጭ ዜጎች በማደጎ መስጠትን በ2018 ከልክላለች፤ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘች ልጇም በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ናት።

ይህ ሲነገራቸው «ታዲያ ልጄ ነው ብዬ ልሙላው» የሚሉ አሉ። የሚመክራቸውም አይጠፋም። እባካችሁ አታድርጉት። የልደት ወረቀቱ ዘግይቶ የወጣ ከሆነ ኤምባሲው የዘር ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል። በኢትዮጵያ የልደትና የጋብቻ ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የብዙዎቻችን ወረቀት ዘግይቶ የወጣ ነው። በምርመራው ውሸቱ ከወጣ ልጁ ለዚያች ቪዛ ብቻ ሳይሆን ለወደፊቱም በር ሊዘጋበት ይችላል። ያመለከተችውም ለራሷ መልስ የምትሰጥበት ነገር ይመጣል።

ተቃራኒው ጥፋትም አለ፤ ያለ ልጅን መደበቅ። በዲቪ ስትሞላ ከጋብቻ በፊት የወለደቻትን ልጅ ያልጻፈች እህት እናውቃለን። የቤተሰብ ስም ብለው አያት ልጅቷን እንደ ራሳቸው ልጅ አሳድገዋታል። በዲቪ ማመልከቻ ላይ ባልና ከሃያ አንድ በታች ያሉ ልጆች ሁሉ፣ የማይመጡትም ጭምር፣ መጻፍ አለባቸው፤ መተው ጉዳዩን ያሰርዛል። ዛሬ ያች እናት ዜጋ ናት፤ ልጇ አድጋለች። ለልጇ ልታመልክት ስትነሳ የመጀመሪያው ፎርሟ ፊቷ ይቆማል። እንዲህ ያለ ነገር ያላችሁ፣ ጠበቃ ሳታማክሩ አንድም ፎርም አትሙሉ። ለእኛም ዝርዝሩን መናገር የለባችሁም፤ «ጠበቃ ጋር ውሰዱኝ» ማለት ይበቃል። ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ ለእናቱ በሕጉ ፊት ሙሉ ልጅ ነው። ሕጉ ያላሳፈረንን ራሳችን አፍረን ልጅ እንዳናስቀር።

አሁን ወደ ሂሳባችን

ቤተሰብ የሚያመጣ ሰው አይ 864 የሚባል የድጋፍ ሰነድ ይፈርማል። የሚፈለገው ገቢ ከአገሪቱ የድህነት መለኪያ 125 በመቶ ነው፤ የሚሰላውም በቤተሰብ ቁጥር ነው። የቤተሰብ ቁጥር ማለት እናንተ፣ ባላችሁ፣ ልጆቻችሁ፣ የምታመጡት ሰውና ከዚህ ቀደም ፈርማችሁለት ግዴታው ያላለቀ ሰው ናቸው።

ምሳሌ እንውሰድ። ቤቷ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ የከፈተች፣ ሁለት ልጆች ያሏት እህት እናቷን ልታመጣ ነው። ሦስትና አንድ አራት። በ2024 የአራት ሰው መለኪያ 31,200 ዶላር ነው፤ 125 በመቶው 39,000 ይሆናል። እህታችን በዓመት 70,000 ዶላር ታስገባለች። ነገር ግን ታክስ ስትሠራ ምግቡን፣ ረዳቷን፣ መጫወቻውን፣ የቤቱን ድርሻ ቀንሳ ትርፏ 31,000 ሆነ። ለድጋፍ ሰነዱ የሚታየው 31,000 ነው እንጂ 70,000 አይደለም። 8,000 ጎደላት።

በየዓመቱ የካቲትና መጋቢት «ታክሱን ቀንሱልኝ» ትሉናላችሁ። የሚገባችሁን ወጪ መቀነስ መብታችሁ ነው፤ ያልወጣ ወጪ ግን አንጽፍም። በሁለት ዓመት ውስጥ እናታችሁን ለማምጣት ካሰባችሁ ዛሬ ንገሩን፤ የገቢያችሁን መጠን አብረን እንይ። በጥሬ ገንዘብ የሚሠራና የማያሳውቅ ሰው ለኢሚግሬሽን ገቢ የሌለው ሰው ነው።

የጎደለውን በንብረት መሙላት ይቻላል፤ ለእናት የጎደለው አምስት እጥፍ ያስፈልጋል። 8,000 በአምስት 40,000 ዶላር ቁጠባ ማለት ነው። ካልሆነ ተባባሪ ስፖንሰር ትፈልጋላችሁ። ተባባሪዋ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላት፣ እዚህ አገር የምትኖር መሆን አለባት። የእሷ ገቢ ከእናንተው ጋር አይደመርም፤ ለብቻዋ ለራሷ ቤተሰብና ለሚመጣው ሰው መብቃት አለበት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በማኅበራችን «ፈርሚልኝ» ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል። ይሉኝታችን ነው። ነገር ግን ይህ ፊርማ የእድር መዝገብ ላይ እንደሚፈረመው አይደለም፤ ዋስትና ነው። ግዴታው የሚያበቃው የመጣው ሰው ዜጋ ሲሆን፣ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ሥራ ሲመዘገብለት፣ አገሩን ለቆ ሲሄድ ወይም ሲሞት ነው። ፍቺ አያስቀረውም፤ ኩርፊያም አያስቀረውም። ለስድሳ ስምንት ዓመት እናት የፈረመች ሰው ምን እንደፈረመች ማወቅ አለባት። እምቢ ያለችንም እህት አንቀየማት። ለራሷ እናት ስትፈርም ያ ፊርማ ይቆጠርባታል።

ወጪውን ደግሞ አስቀድሞ መቁጠር ይገባል። ለአንድ እናት ማመልከቻው በወረቀት 675 ዶላር (በኢንተርኔት 625)፣ የድጋፍ ሰነዱ 120፣ ቪዛው 325፣ ከቪዛ በኋላ የግሪን ካርዱ 235፤ ድምሩ 1,355 ነው። ሕክምናው፣ ትርጉሙ፣ ትኬቱ ከዚህ ውጭ ነው። ከዚህ በላይ «ኬዙን አፋጥናለሁ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ ወረፋን የሚያፋጥን ደላላ የለም። የሕግ ምክር ከፈለጋችሁ ጠበቃ፣ ወይም ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና ያለው ተወካይ ያለበት በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር እንልካችኋለን።

ለመጡ ሚስቶች

በባል ስም የመጣችሁ እህቶችም በዚህ አዳራሽ አላችሁ። ጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው የገባች ሚስት የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ ትቀበላለች፤ ገደቡን ለማንሳት በተለምዶ ባልና ሚስት አብረው ያመለክታሉ። ይህን ይዞ «ወረቀትሽ በእጄ ነው» የሚል ባል አለ። እውነት አይደለም። የሚደበድባት ወይም የሚያሰቃያት ባል ያላት ሴት ያለ እሱ ፊርማ ገደቡን ለማስነሳት መጠየቅ ትችላለች። ገና ግሪን ካርድ ያላገኘችም ብትሆን፣ ባሏ ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ ከሆነ፣ እሱ ሳያውቅ በራሷ ስም ማመልከት የምትችልበት ሕግ አለ። ይህን ለጎረቤታችሁ ንገሩ። ምናልባት የሚያስፈልጋት ሴት ዛሬ እዚህ እንድትመጣ አልተፈቀደላትም።

የምንጠይቃችሁ

ከእንግዲህ ማንም አባል ማመልከቻ ከመፈረሟ በፊት አንድ ገጽ እንድትሞላ ወስነናል። ገጹ ላይ በአገር ቤት ያሉት ሁሉ ይጻፋሉ፤ ስም፣ የልደት ቀን፣ ያገባና ያላገባ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር። ከጎናቸው «ይመጣል»፣ «በወረፋ»፣ «አይመጣም» እንጽፋለን። «አይመጣም» ከተጻፈበት ልጅ አጠገብ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ «ከማን ጋር ይቀራል?» ለዚህ መልስ ሳይገኝ ማመልከቻው አይታሸግም።

ለረጂዎቻችን ደግሞ፣ የምትሰጡን ገንዘብ ለምን እንደሚውል ለምትጠይቁ፣ ለትርጉም፣ ለአንድ ሰዓት የጠበቃ ምክርና ለዘር ምርመራ ነው። የአንድ ሰዓት ምክር በጊዜው ቢገኝ ስንት ዓመት እንደሚያተርፍ ከላይ ሰምታችኋል።

የደሴዋ እናት በ2023 መጥተዋል። ልጁን እህታቸው ዘንድ ትተው፣ ግሪን ካርዳቸው በእጃቸው በገባ በሁለተኛው ሳምንት አብረናቸው ተቀምጠን ለልጁ አመለከትን። እህታችን በ2021 ለወንድሟ ለብቻው ብታመለክት ኖሮ ቢያንስ ሁለተኛ ወረፋ ይኖረው ነበር፤ ያን አልነገርናትም። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። የእናቱ ወረፋ እንደ አሁኑ ከሄደ አሥራ ስምንት ገደማ ሲሆነው ይደርሰዋል። እናት ሄደው እንዳይቆዩ፣ ከአገር ውጭ ከስድስት ወር በላይ መቆየት ጥያቄ ያስነሳል፤ ከዓመት በላይ ያለ ፈቃድ መቆየት ግሪን ካርዱን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ እዚህ ሆነው ማታ ማታ ይደውሉለታል፤ የቤት ሥራውን በስልክ ያሠሩታል።

በቀደም ቅዳሜ እናትየው ቢሯችን መጥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «ልጄ ኳስ ይግዛ ወይስ ይቅር ይላል። ምን ልበለው?» አሉን።

ይግዛ አልናቸው።